ስለ ውጭ አገር የሚቀርበው የተማሪዎች ገለጻ ከደጃችን ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በድሬዳዋና በሐረር ትምህርት ቤቶች፣ እንደማምነውም በሌሎች ከተሞቻችን ጭምር፣ በየሴሚስተሩ ለተማሪዎች ስለሚሰጥ አንድ የተለመደ ሥራ ነው። ተማሪው አንድ የውጭ አገር ይመርጣል ወይም ይመረጥለታል፤ ስለዚያ አገር መረጃ ያሰባስባል፤ ከዚያም በክፍሉ ፊት ቆሞ ለጓደኞቹ ያቀርባል። የጂኦግራፊ መምህርት እንደመሆኔ ሥራው ሲሰጥም ሲቀርብም በቅርብ ስመለከት ኖሬአለሁ። ተማሪ ስለ ሌላው ዓለም ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ አመዛዝኖ እንዲናገር ከሚያስችሉት ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው፤ አሁን በያዝነው መንገድ ግን ጥቅሙ እየባከነ ስለሆነ ወላጆች፣ መምህራንና የትምህርት ኃላፊዎች እንዲነጋገሩበት ሐሳቤን አቀርባለሁ።

ዛሬ በአብዛኛው የሚደረገው እንዲህ ነው። የአገሮች ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ዕጣ ይወጣና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አገር ይደርሰዋል። ከቡድኑ መካከል ስልክ ያለው ተማሪ ከዊኪፔዲያ፣ ወይም በቴሌግራም ከሚዘዋወር የተዘጋጀ ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲን ይጠይቃል። ጽሑፉ በፍላሽ ተይዞ ወደ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ሽፋን ተበጅቶለት፣ ባንዲራው በቀለም ወጥቶ ይታተማል። በቀጠሮው ቀን ዋና ከተማው፣ የቆዳ ስፋቱ፣ የሕዝቡ ብዛት፣ የገንዘቡ ስም፣ የመሪው ስምና ወደ ውጭ የሚልካቸው ምርቶች በተራ ይነበባሉ፤ ክፍሉ ያጨበጭባል፤ ቀጣዩ ቡድን ይነሣል። ጃፓንም ሆነች ብራዚል፣ ኖርዌይም ሆነች ናይጄሪያ የሚቀርቡት በአንድ ዓይነት ቅጽ ላይ ተሞልተው ነው። ከአድማጮቹም የሚነሣ ጥያቄ እምብዛም የለም፤ ገለጻው ራሱ ከጥያቄ አልተነሣምና።

በዚህ ልጆቹን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። «ስለ ግብፅ አቅርቡ» የተባለ ቡድን ከግብፅ ምን እንደሚፈልግ አልተነገረውም፤ ስለዚህ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዞ ይመጣል። እኔ የምለው፣ ለተማሪው የአገሩን ስም ስንሰጠው አንድ ጥያቄ አብረን እንስጠው፤ ጥያቄውም በተቻለ መጠን ተማሪው ከሚኖርበት ከተማ፣ በዓይኑ ከሚያየውና በጆሮው ከሚሰማው ነገር ይነሣ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንደ ድሬዳዋና እንደ ሐረር የታደሉ ከተሞች በአገራችን ብዙ አይደሉም።

ከድሬዳዋ ልጀምር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐዲዱ በመጀመሪያ ሐረር ድረስ እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከአቅም በላይ ስለሆነ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ አዲሱ ሰፈርም መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። ለሥራው ከዐፄ ምኒልክ ፈቃድ የተቀበሉት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኖ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በከተማዋ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ህንዱና የመኑ ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ኖረዋል። እንግዲህ ዕጣው ስዊዘርላንድ የወጣለት ቡድን ስለ ሰዓትና ስለ ቸኮሌት ከሚያነብ ይልቅ «እንደ እኛ የባሕር በር የሌላት ስዊዘርላንድ ሸቀጧን በምን መንገድ ታስገባለች?» የሚል ጥያቄ ቢሰጠው ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ አስቡት። ባዝል ከተማ በራይን ወንዝ ዳር ወደብ እንዳላት ያገኛል። ወንዙ በጀርመንና በፈረንሳይ ድንበር ሽቅብ ቁልቁል መርከብ እያመላለሰ እስከ ሆላንዱ የሮተርዳም ወደብ እንደሚያደርስ በካርታ ላይ ይከተላል። በዚህ ወንዝ የሁሉም አገር መርከቦች በነጻነት እንዲመላለሱ የሚያደርገው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1868 በማንሃይም እንደተፈረመና እስከ ዛሬ እንደሚሠራበት ይረዳል። ከዚያ የእኛን የጅቡቲ መስመር ከዚህ ጋር ሲያነጻጽር፣ ስለ ስዊዘርላንድ የያዘው እውቀት በቃል ከሚሸመደድ ዝርዝር የተለየ ይሆናል።

ሆኖም ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የጅቡቲ ነገር ነው። ከድሬዳዋ በአሮጌው ሐዲድ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ አገር፣ ዘመዶቻችን የሚኖሩበት፣ ነጋዴዎቻችን ሌት ተቀን የሚመላለሱበት አገር ሆኖ ሳለ፣ በክፍል ውስጥ ሲቀርብ ግን «ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት፣ ወደብ አላት» ከሚል ዐረፍተ ነገር ብዙም አይዘልቅም። የቆዳ ስፋቷ ወደ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑን ተማሪው ያነባል፤ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም። ጥያቄው «ጅቡቲ የምትጠጣውን ውሃና የምታበራውን መብራት ከየት ታገኛለች?» ቢሆንስ? መልሱ ተመልሶ ወደ እኛው ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከድሬዳዋ የሚነሣ የከፍተኛ ኃይል መስመር ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ያደርሳል፤ ከእኛ ጎረቤት ከሲቲ ዞን፣ ከሐደጋላ አካባቢ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃም በቧንቧ ድንበር ይሻገራል። አትክልትና ፍራፍሬው፣ ጫቱም ከዚሁ ይሄዳል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ ቀድሞ በአሰብ ይገባና ይወጣ የነበረው ንግዳችን ወደ ጅቡቲ ዞሮ፣ ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን እጅግ የሚበዛው በዚያች አገር ወደቦች ያልፋል። አንዱ አገር የሌላውን ጎደሎ እንዴት እንደሚሞላ ከዚህ የተሻለ ማሳያ በዓለም ዙሪያ ብንፈልግ በቀላሉ አናገኝም፤ እኛ ግን የዕጣውን ወረቀት ስናዘጋጅ ጅቡቲን ብዙ ጊዜ እንተዋታለን፤ ቅርብ ስለሆነች የምትታወቅ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መያዝ አለበት። ጥያቄው ከደጃችን ይጀምር ማለት አገሩ ሁሉ ለእኛ በሚሰጠው ጥቅም ይለካ ማለት አይደለም። ጅቡቲ ለጅቡቲያውያን «የኢትዮጵያ ወደብ» አይደለችም፤ አገራቸው ናት። ዝናብ እጅግ በሚያንስበት፣ የሚታረስ መሬት ከሞላ ጎደል በሌለበት ምድር የአብዛኛው ሕዝብ ኑሮ በአንድ የወደብ ከተማ መሰብሰቡ ምን ዓይነት ሕይወት እንደሚፈጥር ተማሪው ማሰብ አለበት። የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የሆነው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ በዚያው አለ፤ የጨው ንግዱ ከአፋር ሕዝብ ታሪክ ጋር ድንበር ሳያግደው የተያያዘ ነው። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና በአንዲት ትንሽ አገር ላይ የጦር ሰፈር የያዙት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ባብ ኤል መንደብ የሚባለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ በካርታ ላይ ማግኘቱ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተከትሎ እስከ ስዊዝ መሄዱ የማይቀር ነው። ያ ተማሪ ዜና ሲሰማ ከዚያ ወዲያ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

ቀጥዬ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ ገለጻዎችን የሚያበላሽ ነው፤ የዘመን አቆጣጠርን ይመለከታል። ተማሪዎቻችን ከውጭ ጽሑፍ የወሰዱትን ዓመት እንዳለ ጽፈው ከጎኑ «ዓ.ም.» ይጨምሩበታል። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977 ነው፤ ይህም በእኛ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «በ1977 ዓ.ም.» ተብሎ ሲቀርብ የአገሪቱ ነጻነት ወደ ከባዱ የድርቅ ዘመን ተገፍቶ ይሄዳል። ጉዳቱ በስምንት ዓመት መሳሳት ብቻ አያበቃም፤ በነገሮች መካከል ያለው ትስስር ይጠፋል። ትክክለኛውን ቀን የያዘ ተማሪ ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት ሰሞን የባቡሩ መስመር በድልድዮች ላይ በደረሰ ጥቃት እንደተቋረጠ፣ በሳምንታት ውስጥም የሶማሊያ ጦር ድንበር እንዳለፈ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ እንደሆነች ያስተውላል። አዲሲቱ አገር ባንዲራዋን በሰቀለችበት ሰሞን ከዋና የወደብ ደንበኛዋ ጋር የሚያገናኛት ሐዲድ ተቆርጦ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ፣ ያንን ክረምት በዚህች ከተማ ያሳለፉ አያቶች ያሏቸው ልጆች በየክፍላችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር ሥራውን ከመስጠቱ በፊት፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያለው ደግሞ 8 ዓመት መሆኑን በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ሁለት ሦስት ቀኖችን አብረው እንዲያሰሉ ቢያደርግ ብዙ ይጠቅማል።

ከዓመተ ምሕረቱ ጋር የቁጥሮች ጉዳይም አለ። ሦስት ድረ ገጾች ስለ አንድ አገር ሕዝብ ብዛት ሦስት የተለያየ ቁጥር ሲሰጡ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ትልቁን ወይም መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ቁጥሩ በቆጠራ የተገኘ ነው ወይስ ግምት? የየትኛው ዓመት ነው? ብሎ እንዲጠይቅ ማንም አላስተማረውም። በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 818,159 ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ሲባል ሁለቱ የሚጣሉ ሳይሆን የተለያየ ዘመን ቁጥሮች ናቸው። የራሳችንም እንደዚያው ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራችን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ሁሉ ትንበያ ነው። ይህን በራሱ ከተማ የተረዳ ልጅ የሌላውንም አገር ቁጥር በጥንቃቄ ይይዛል።

ስለ ቻትጂፒቲና ስለ መሰሎቹም እንዲሁ አሳጥሬ ልናገር። ይከልከሉ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ መከልከልም አይቻልም። ነገር ግን የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ ምንጩን ሳያሳይ በለሰለሰ ቋንቋ ስለሚቀርብ፣ ተማሪው የተጻፈውን ሁሉ እውነት አድርጎ ይቀበላል። ከዚያ የተገኘ ማንኛውም ቀን፣ ስምና ቁጥር በሌላ ምንጭ እስኪረጋገጥ ድረስ በገለጻው ውስጥ እንዳይገባ ደንብ ማድረግ በቂ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ትልቅ ሀብት ደግሞ በየክፍሉ የተቀመጡት ልጆች ቋንቋ ነው። በአንድ የድሬዳዋ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ፣ አንዳንዴም ዐረብኛና አፋርኛ የሚሰሙ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። በአማርኛ ስለ ውጭ አገሮች የተጻፈው ጥቂት ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ለብዙዎቹ ይከብዳል፤ ስለዚህ መጨረሻው መገልበጥ ይሆናል። ነገር ግን የጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከፈረንሳይኛና ከዐረብኛ ሌላ በሶማሊኛና በአፋርኛም ያስተላልፋል። በቤቷ ሶማሊኛ የምትናገር ተማሪ የዚያን አገር ዜና አዳምጣ፣ ሰዎቹ በዚያ ሳምንት ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ለክፍሏ በአማርኛ ብትነግር፣ ያ ከሌላ ተርጓሚ እጅ ያላለፈ፣ የራሷ የሆነ መረጃ ነው። በክፍል ውስጥ ዝም ብለው የሚቀመጡ ልጆች፣ አማርኛቸው ስለሚያመነታ ብዙም የማይናገሩ ልጆች፣ በዚህ ሥራ ላይ የቡድኑ ዋና ሰው ሲሆኑ አይቻለሁ። በዚያ ጊዜ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ለውጥ ያየ መምህር ወደ ቀድሞው ዓይነት ገለጻ ለመመለስ ይቸገራል።

ወደ ሐረር ስንወጣ ነገሩ የበለጠ ይሰፋል። ስለ ግብፅ የሚቀርበው ገለጻ ሁልጊዜ ፒራሚድና ዓባይ ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ዳሩ ግን ግብፅ ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዛ እንደነበር፣ ጦሯን እየመራ የገባው ራኡፍ ፓሻ እንደነበር ሐረር ውስጥ ቆሞ ስለ ግብፅ የሚናገር ተማሪ ሳይጠቅስ ሲያልፍ ያሳዝናል። እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ግብፅ እዚህ ድረስ ለምን መጣች፣ ለምንስ ወጣች?» የሚል ነው። ተማሪው ሲፈልግ የሚያገኛቸው ነገሮች አስደናቂ ናቸው፤ ሐረር የተያዘችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1875 ነው፤ በተከታዩ ወር ሌላው የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኢል በዕዳ ተጨንቆ በስዊዝ ቦይ ላይ የነበረውን ድርሻ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። ሦስቱ ነገሮች በአንድ መጸው መከናወናቸውን ያየ ልጅ፣ ግዛት ማስፋትና ዕዳ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ይማራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1882 ግብፅን መያዟንና የሱዳኑን የማህዲ አመፅ ሲጨምርበት ደግሞ ግብፆች ሐረርን ለምን እንደለቀቁ ይገባዋል። ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ጥያቄ የተነሣው ግን ልጁ በየቀኑ በሚያልፍበት በጀጎል ግንብ ሥር ነው።

ስለ ፈረንሳይ ለሚያቀርብ የሐረር ተማሪም የራምቦ ቤት አለለት። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1880 ሐረር የገባው በዔደን የሚገኝ የፈረንሳዊ ነጋዴ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ለመግዛት ነበር፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ላይ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ውብ የእንጨት ቤት ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ የቤቱን ዋጋ ዝቅ አያደርግም፤ እንዲያውም በአንድ ቤት ውስጥ ፈረንሳይንም ህንድንም ያገኛል፤ የተጻፈ ሰሌዳ ሁሉ እንደወረደ የሚወሰድ እንዳልሆነም ይማራል። በዚያው በጀጎል ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የያዛቸው ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና ልዩ ልዩ ቅርሶች ከዐረቢያ፣ ከህንድና ከቱርክ ጋር የነበረንን ግንኙነት የሚመሰክሩ ናቸው። ተማሪ ከእነዚህ መካከል አንዱን ዕቃ መርጦ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጀምር መልካም ገለጻ ለማዘጋጀት በቂ መነሻ አግኝቷል።

አረጋውያንን መጠየቅም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከባቡር ድርጅቱ ጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ ከግሪክና ከአርመን ጋር ጎረቤት ሆነው ያደጉ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። አርመንያ የደረሰው ቡድን ከእነርሱ የሰማውን ይዞ፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ከየትኛው መከራ ተርፈው እንደመጡ ቢመረምር፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን የእነዚሁ ልጆች የሙዚቃ መሪ እንደነበር ያገኛል። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ሲጠየቅ ሥርዓት አለው። ተማሪዎች ቀድመው ፈቃድ መጠየቅ፣ ለምን እንደሚጠይቁ መናገር፣ የሰሙትንም በጽሑፍ ካገኙት ጋር ማመሳከር አለባቸው። በተለይም ከየመን ወይም ከሌላ አገር በጦርነት ምክንያት ተሰዶ በከተማችን የሚኖር ቤተሰብ ልጅ በክፍላችን ካለ፣ ያን ልጅ ሳይፈቅድ ለክፍሉ ማሳያ አድርጎ ማቆም ነውር ነው። መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ካልፈለገም ማንም አያስገድደው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ከድሬዳዋም ከሐረርም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አገር ቢወጣስ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ከደጃችን መጀመር ማለት የግድ በታሪክ መገናኘት ማለት አይደለም የሚል ነው። ሞንጎሊያ የደረሰው ቡድን፣ የእንስሶቿ ቁጥር ከሕዝቧ ብዙ እጥፍ በሚበልጥባት በዚያች አገር አርብቶ አደሩ የሚፈራው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ። እነርሱ የሚፈሩት በክረምት በረዶ መሬቱን ሸፍኖ ከብቱ ግጦሽ የሚያጣበትን ዘመን ነው፤ ዙድ ይሉታል። የሶማሌና የአፋር አርብቶ አደር ልጅ ደግሞ ዝናብ ቀርቶ ግጦሽ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። አንዱ በብርድ፣ ሌላው በድርቅ ከብቱን ያጣል፤ መንጋን ስለ መከፋፈል፣ ስለ መሰደድ፣ ስለ ዘመድ መረዳዳት የሚያነሣው ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ሞንጎሊያ የሚጠይቀው ጥያቄ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይሆናል።

ሌላው የሚነሣው ተቃውሞ የጊዜና የክፍል ጥበት ነው። ከስልሳ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ምዕራፉን ጨርሶ ለፈተና ማድረስ ግዴታ በሆነበት ሁኔታ ይህ ሁሉ ይቻላል ወይ? እኔ የምለው ሥራው ይብዛ ሳይሆን ይነስ ነው። ሃያ ገጽ የታተመ ጥራዝ አያስፈልግም፤ ሽፋንም፣ በቀለም የወጣ ባንዲራም አያስፈልግም፤ ይህ ወላጅንም ከማይገባ ወጪ ያድናል። አንድ ጥያቄ፣ በተማሪው የራሱ እጅ የተጻፈ ሁለት ገጽ፣ አንድ በእጅ የተሣለ ካርታና የአሥር ደቂቃ ንግግር ይበቃል። ውጤቱ ከ20 ይያዛል ብንል፣ ግማሹ ተማሪው እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳገኘውና ለምን እንዳመነው ለሚያስረዳበት፣ ሩቡ ለጓደኞቹ ጥያቄ ለሚሰጠው መልስ፣ ቀሪው ለአቀራረቡ ይሁን። «ይህን አላገኘሁም» ብሎ በግልጽ የተናገረ ተማሪ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም፤ ፈልጎ ማጣቱን ካሳየ ሊጨመርለት ይገባል።

ለመምህራን ብቻ የሚተው ሥራ ግን አይደለም። በአሮጌው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ያሉት የጥገና ክፍሎች፣ ባቡሮችና የቆዩ ሰነዶች ለተማሪዎች በቀጠሮ ክፍት የሚሆኑበት ቀን በወር ውስጥ ቢመደብ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን አንድ ሁለት ዘመናዊ አትላስና የዓመቱን አኀዛዊ መረጃዎች ቢያኖሩ፣ ስልክ የሌለው ተማሪ የስልክ ባለቤቱ ተከታይ ከመሆን ይድናል። የትምህርት ቢሮዎችም የሥራውን ናሙና ጥያቄዎች አዘጋጅተው በየትምህርት ቤቱ ቢያዳርሱ ጀማሪ መምህራን ይበረታታሉ። በየቤቱ ከወላጆቻቸው የወረሷቸው የባቡር ትኬቶች፣ ደብዳቤዎች፣ የፓስፖርትና የንግድ ወረቀቶች ያሏቸው አንባቢያንም በአቅራቢያቸው ላለ ትምህርት ቤት ቅጂውን ቢሰጡ ልጆቹ የሚጀምሩበት ነገር ያገኛሉ።

ዝግጅት ክፍላችሁንም የምጠይቀው ነገር አለ። በወር አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ገጽ ለማይበልጥ የተማሪ ጽሑፍ ስፍራ ብትሰጡ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐረርም ሆነ ከሌላ ከተማ አንድ ተማሪ ስለ አንድ የውጭ አገር ያነሣውን ጥያቄ፣ ያገኘውን መልስና ያገኘበትን መንገድ ብታትሙ፣ በትምህርት ቤቶች ዘንድ ብዙ ጥረት ይነቃቃል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ከድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ጽሑፎችን የማሰባሰቡንና የዘመን አቆጣጠራቸውን፣ የስሞቹንና የቁጥሮቹን ትክክለኛነት አስቀድሞ የመመርመሩን ሥራ ከባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት
ከድሬዳዋ